የፀሐይን ፍንዳታ ከማግኔቱ ጀምሮ ማንበብ፦ ደረጃ በደረጃ

የፀሐይ ፍንዳታ ዜና ሲመጣ አብሮት የሚመጣው ፎቶ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ቢጫ ክብ፣ ጠርዙ አካባቢ ነጭ ብልጭታ። ፎቶው ውሸት የለበትም። ግን የሚያሳየው የነገሩን መጨረሻ ብቻ ነው። ከብልጭታው በፊት ለቀናት ሲጠራቀም የቆየ ጉልበት አለ። የተጠራቀመው ደግሞ በማግኔት መስክ ውስጥ ነው። እሳት የሚባል ነገር እዚያ የለም፤ የሚቃጠልም የለም።

በዚህ መመሪያ አንድ እውነተኛ ክስተት ይዘን ከማግኔቱ እስከ ብልጭታው እንሄዳለን። ከዚያ ያው አሠራር የፀሐይን የላይኛውን ከባቢ፣ ማለትም ኮሮናን፣ እንዴት ሊያሞቅ እንደሚችል እናያለን። የሚያስፈልጋችሁ ኢንተርኔት ብቻ ነው። ስልክም ይሠራል፤ ኮምፒውተር ካለ ግን በእሱ ሥሩ፣ ትናንሽ ዝርዝሮች ይታያሉና። መረጃው ሁሉ ነፃ ነው።

የመረጥኩት ክስተት 13664 የሚል ቁጥር የተሰጠው የፀሐይ ክልል ነው። በፈረንጆች ሜይ 2024፣ በእኛ ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት መጀመሪያ 2016 ዓ.ም.፣ በተከታታይ ቀናት ደጋግሞ ፈነዳ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

1. ሰዓቱንና መሣሪያዎቹን አዘጋጁ

የፀሐይ መረጃ ሁሉ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው የሚጻፈው። ወደ ሀገራችን አቆጣጠር መቀየር ቀላል ነው። ከዩቲሲው ላይ 3 ቀንሱ። ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ፤ ከዜሮ በታች ከወረደ 12 ጨምሩ። 06:54 ዩቲሲ ማለት ከጠዋቱ 3:54 ነው። 16:51 ደግሞ ከምሽቱ 1:51 ይሆናል። ጂዳና ሪያድ ያላችሁ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ስለሆናችሁ በዚሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ሁለት ነገር ክፈቱ። አንደኛው ሄሊዮቪወር ነው። ቀንና ሰዓት ስታስገቡ በዚያች ቅጽበት ፀሐይ ምን ትመስል እንደነበር ያሳያችኋል፤ ምስሎችን መደራረብና ቪዲዮ መሥራትም ይቻላል። ብዙዎቹ ምስሎች የሚመጡት ናሳ በፌብሩዋሪ 2010 ካመጠቀው ኤስዲኦ ከተባለው ሳተላይት ነው። ሁለተኛው የአሜሪካው የኖዋ የሕዋ አየር ሁኔታ ማዕከል ገጽ ነው። እዚያ ጎዝ የሚባሉት ሳተላይቶች የሚለኩት የኤክስሬይ ግራፍ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዓይናችሁም ሆነ በቢኖኩላር ፀሐይን በቀጥታ አትመልከቱ። ለዚህ ሥራ ጨርሶ አያስፈልግም።

2. መጀመሪያ የማግኔት ካርታውን ክፈቱ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከሚያምረው ወርቃማ ምስል ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። በሄሊዮቪወር ላይ ኤስዲኦን፣ ቀጥሎ ኤችኤምአይን፣ ቀጥሎ ማግኔቶግራምን ምረጡ። የሚመጣው ግራጫ ክብ ነው። ግራጫው ላይ ነጭና ጥቁር ጠብታዎች አሉ። ነጩ የማግኔት መስኩ ወደ እኛ የሚወጣበት ነው፤ ጥቁሩ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባበት።

ይህን መለካት የተቻለው ጆርጅ ኤለሪ ሄል በ1908 የፀሐይ ጥቁር ነጠብጣቦች ላይ ኃይለኛ ማግኔት እንዳለ ከብርሃናቸው ካነበበ ወዲህ ነው። ማግኔት ባለበት ቦታ የአንዳንድ አቶሞች የብርሃን መስመር ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በሰፋ ቁጥር ማግኔቱ በርትቷል ማለት ነው። በትልልቅ ነጠብጣቦች መሃል 3,000 ጋውስ (የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ያህል ይደርሳል። የመሬት ማግኔት ግማሽ ጋውስ ገደማ ነው። ነጠብጣቡ የሚጠቁረውም ለዚሁ ነው፤ ማግኔቱ ከሥር የሚፈላውን ጋዝ ስለሚያግደው ሙቀት እንደ ልብ አይወጣም።

አሁን ቀኑን ሜይ 4 ላይ አድርጉና ወደ ሜይ 10 በቪዲዮ አስኪዱት። ከፀሐይ ወገብ በታች ያለውን ክፍል ተከታተሉ። አዳዲስ ነጭና ጥቁር ጠብታዎች ከሥር ብቅ ይላሉ፣ ይገፋፋሉ፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ። በመጨረሻ ክልሉ የመሬትን ወርድ 15 ጊዜ ያህል የሚሞላ ሆኗል።

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የምትፈልጉት ነጩና ጥቁሩ ተራርቀው በሰላም የተቀመጡበትን ቦታ አይደለም። ተጣብቀው የሚፋተጉበትን መስመር ነው። በዚያ ድንበር ላይ መስኩ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ አያልፍም። ከድንበሩ ጋር ጎን ለጎን ተጎትቶ ተኝቷል። ትልልቅ ፍንዳታዎች የሚነሱት እንዲህ ካሉ ድንበሮች ነው። ትንበያ የሚሠሩ ባለሙያዎችም በየቀኑ የሚያዩት ይህንኑ ነው፤ አንድ ነጠብጣብ ውስጥ ሁለቱም ዋልታ፣ ነጩም ጥቁሩም፣ ተጨናንቆ ሲገኝ ዴልታ ብለው ይመዘግቡታል። 13664 ዴልታ ነበር።

3. ጉልበቱን ራሳችሁ አስሉት

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ከሁሉ የሚያሳምነው እሱ ነውና።

የፀሐይ ጋዝ በጣም ስለሚሞቅ ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ ተላቀዋል። ፕላዝማ ይባላል። ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ከማግኔት መስኩ ጋር ተቆራኝቶ ይሄዳል፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውን ይጎትታል። በፀሐይ ገጽ ላይ ጋዙ ስለሚከብድ ማግኔቱን እሱ ይነዳዋል። ከፍ ብሎ ኮሮና ውስጥ ጋዙ እጅግ ስለሚሳሳ አዛዡ ማግኔቱ ይሆናል። ስለዚህ ከሥር የሚፈላው ጋዝ የመስኩን እግሮች ሲያዞርና ሲያንቀሳቅስ፣ ላይኛው ክፍል እንደ ላስቲክ እየተጠማዘዘ ጉልበት ያከማቻል።

ስንት? ቀመሩ የመስኩን ጥንካሬ በራሱ አባዝቶ ለሁለት እጥፍ የማግኔት ቋሚ ማካፈል ነው። ከትልቅ ነጠብጣብ በላይ ኮሮና ውስጥ 300 ጋውስ፣ ማለትም 0.03 ቴስላ፣ እንውሰድ። 0.03 በራሱ ሲባዛ 0.0009 ነው። ይህን ለቋሚው ሁለት እጥፍ፣ ማለትም ለ0.0000025፣ ስናካፍል በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 360 ጁል ገደማ እናገኛለን። ትንሽ ይመስላል። ቦታው ግን ሰፊ ነው። ጎኑ 50,000 ኪሎ ሜትር የሆነ ኩብ ብንወስድ ይዘቱ በሜትር ኩብ 125 ከ21 ዜሮ ጋር ነው። ሁለቱን አባዙ፤ 45 ከ24 ዜሮ ጋር ጁል ይወጣል።

ይህ ሁሉ ግን አይለቀቅም። መስኩ ምንም ሳይጠማዘዝ ቢቀመጥም የማይነካ መነሻ ጉልበት አለው። ሊወጣ የሚችለው በመጠማዘዙ የተጨመረው ብቻ ነው። አንድ አምስተኛው ትርፍ ነው ብንል 9 ከ24 ዜሮ ጋር ጁል ይቀረናል። በጣም ትልልቅ ፍንዳታዎች የሚለቁት ጉልበት ሲለካ ደግሞ 1 ከ25 ዜሮ ጋር ጁል አካባቢ ነው። በወረቀት ላይ በአምስት መስመር የሠራችሁት ስሌት እዚያው ሠፈር ደረሰ። የዓለም ሕዝብ በዓመት የሚጠቀመው ጉልበት ሁሉ ተደምሮ 6 ከ20 ዜሮ ጋር ጁል ገደማ ስለሆነ፣ አንዱ ፍንዳታ ከ15,000 ዓመት ፍጆታ በላይ ነው። ኮሮና ውስጥ ይህን ያህል ጉልበት ሊያስቀምጥ የሚችል ሌላ ማከማቻ የለም። የጋዙ ሙቀትም፣ ክብደቱም፣ እንቅስቃሴውም አይበቃም።

4. አሁን ወደ ቀለሞቹ ሂዱ

ኤአይኤ የሚባለው የኤስዲኦ ካሜራ ፀሐይን በብዙ የአልትራቫዮሌት ሞገዶች ያነሳል። ቀለሞቹ ለመለያ የተቀቡ ናቸው። ልብ ማለት ያለባችሁ የሞገዶቹን ርዝመት የሚናገሩትን ቁጥሮች ነው። 171 ወደ 600,000 ዲግሪ የሚጠጋ ፕላዝማ ያሳያል። 193 አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ የሆነውን፣ በፍንዳታ ጊዜ ደግሞ 20 ሚሊዮን አካባቢ ያለውን ጭምር። 131 በፍንዳታ ጊዜ 10 ሚሊዮን አካባቢ ያለውን። 1600 ከታች፣ ከገጹ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን።

171ን ከማግኔቶግራሙ በላይ ደርባችሁ ግልጽነቱን ቀንሱ። የሚያበሩት ቅስቶች አንድ እግራቸው ነጭ ላይ፣ ሌላው ጥቁር ላይ ተተክሎ ታገኙታላችሁ። መስኩን በዓይን ማየት አይቻልም፤ ፕላዝማው ግን ይከተለዋል። ቅስቶቹ ድንበሩን ቀጥ ብለው ከተሻገሩ መስኩ ዘና ብሏል። ከድንበሩ ጋር ጎን ለጎን ከተኙ፣ ወይም እንደ ላቲኑ ኤስ ፊደል ከታጠፉ፣ ጉልበት ተከማችቷል ማለት ነው።

5. የኤክስሬይ ግራፉን ማንበብ

በግራፉ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤም፣ ኤክስ የሚሉ ደረጃዎች አሉ። እያንዳንዱ ከቀደመው 10 እጥፍ ይበልጣል። ኤክስ 1 ማለት በአንድ ሜትር ካሬ 0.0001 ዋት ነው። ከኤክስ በላይ ፊደል ስለሌለ ቁጥሩ ብቻ ይጨምራል።

13664 ሜይ 8 ላይ ኤክስ 1 አስመዘገበ። ሜይ 9 ኤክስ 2.2። ሜይ 10 (ግንቦት 2) ከጠዋቱ 3:54 ላይ ኤክስ 3.9። ሜይ 11 በእኛ ሌሊት 10:23 ላይ ኤክስ 5.8። ሜይ 14፣ ወደ ፀሐይ ጠርዝ ዞሮ ሳለ፣ ኤክስ 8.7። የሜይ 10ኛው ሲደርስ ኢትዮጵያ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይዛ ነበር። ኤክስሬዩ ሲመታን የላይኛው አየር በኤሌክትሪክ ስለሚሞላ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ በቀኑ ወገን ይዳከማል ወይም ይጠፋል። የሜይ 14ቱ ግን ሲመጣ እኛ ጋ መሽቶ ነበር። ፍንዳታው ከሁሉ ቢበልጥም ሬዲዮው የተመታው ፀሐይ የነበረባቸው ሀገሮች ላይ ነው።

6. የክስተቱን ቅደም ተከተል ፈልጉ

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ነን። የሜይ 10ኛውን ምረጡና ከ06:20 እስከ 08:00 ዩቲሲ ያለውን በ1600 እና በ131 ጎን ለጎን አስኪዱት።

በ1600 ላይ ቀድመው የሚበሩት ከድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ሪባን ይባላሉ። ትንሽ ቆይቶ 131 ላይ ቅስቶች ያበራሉ። ቆይቶ ደግሞ እነዚያው ቅስቶች ቀዝቅዘው 171 ላይ ይታያሉ፤ ተደርድረው እንደ ድንኳን ቅስት ይሠራሉ። ይህ ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የመጣ አይደለም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ተቃራኒ አቅጣጫ ያላቸው ሁለት የመስክ መስመሮች ኮሮና ውስጥ ተገፍተው ሲቀራረቡ መሃላቸው እጅግ ቀጭን የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። እዚያች ቀጭን ቦታ ላይ መስኩ ከፕላዝማው ጋር ያለው ቁርኝት ይላላል። መስመሮቹ ይበጠሱና ከሌላው ጋር ይቀጠላሉ። ማግኔቲክ ሪኮኔክሽን ይባላል። አዲስ የተቀጠሉት መስመሮች ተወጥረው ስለነበር ተስፈንጥረው ያጥራሉ፤ ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች። የተከማቸው ጉልበት የሚወጣው በዚህ መስፈንጠር ነው። ፕላዝማ ይገፋል፣ ያሞቃል፣ ኤሌክትሮኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት የሚጠጋ ፍጥነት ያስይዛል።

ኤሌክትሮኖቹ በመስኩ ተንሸራተው ወደ ታች ይወርዱና ጥቅጥቅ ያለውን ገጽ ይመታሉ። ሪባኖቹ የተመታው ቦታ ናቸው። የተመታው ጋዝ በሚሊዮን ዲግሪዎች ሞቆ ቅስቱን ከታች ወደ ላይ ይሞላዋል፤ 131 ላይ የምታዩት እሱን ነው። ስለዚህ የጎዝ ግራፍ ጫፉ ላይ ሲደርስ ዋናው የጉልበት መለቀቅ ብዙውን ጊዜ አልፏል። ግራፉ በፍጥነት እየወጣ ያለበት ጊዜ ነው ምቱ የሚበረታው። ቬርነር ኑፐርት በ1968 ያስተዋለው ይህንን ነው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ሪባኖቹን ደግማችሁ እዩ። ከድንበሩ ቀስ እያሉ ይርቃሉ። ጋዙ ተጓጉዞ አይደለም። ሪኮኔክሽኑ ከፍ ከፍ እያለ ውጪ ያሉትን መስመሮች ስለሚይዝ፣ የሚመታው ቦታም አብሮ ወደ ውጪ ይሸሻል።

በመሃል ምስሉ ላይ ትልቅ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጨረር ብታዩ አትደንግጡ። የፀሐይ አይደለም። የካሜራውን ማጣሪያ የሚደግፈው ወንፊት የሚሠራው ነው። ብርሃኑ ሲበዛም ምስሉ ይነጣል። ያን ጊዜ ካሜራው ለአጭር ጊዜ ብቻ ብርሃን ተቀብሎ ያነሳቸውን ፍሬሞች ፈልጉ።

ሪኮኔክሽኑን ከጎን ማየት የምትፈልጉ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2017 ላይ፣ ከ15:50 ዩቲሲ ጀምሮ፣ የፀሐይን ምዕራባዊ ጠርዝ በ193 ክፈቱ። ኤክስ 8.2 ነበር። ከቅስቶቹ ጫፍ ወደ ላይ የተዘረጋ ረጅም ቀጭን ብሩህ መስመር ይታያል። መስመሮቹ የሚቀጠሉበትን ሥፍራ የከበበው ፕላዝማ ነው። ቀደም ሲል፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1992፣ የጃፓኑ ዮኮ ሳተላይት ከቅስት ጫፍ በላይ የኃይለኛ ኤክስሬይ ምንጭ አሳይቶ ነበር። ጉልበቱ የሚለቀቀው ከቅስቱ ውስጥ ሳይሆን ከበላዩ መሆኑን በግልጽ የጠቆመው ያ ምስል ነው።

7. ያው ነገር ኮሮናን ያሞቃል?

የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከበላዩ ያለው ኮሮና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። ከምንጩ ሲርቅ መቀዝቀዝ ነበረበት። በ1869 ግርዶሽ ላይ የታየው አረንጓዴ የብርሃን መስመር ከማንም ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም ብሎ ኮሮኒየም የሚባል አዲስ ነገር ነው እስከ መባል ደርሶ ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ስዊድናዊው ቤንግት ኤድሌን ብረት መሆኑን አሳየ። 13 ኤሌክትሮኖቹን ያጣ ብረት። ብረት እንዲህ የሚራቆተው ሚሊዮን ዲግሪ ላይ ነው።

የሚፈለገው ጉልበት ግን ብዙ አይደለም። ከፀሐይ ገጽ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ 63 ሚሊዮን ዋት ይወጣል። ነጠብጣብ ባለበት አካባቢ ኮሮናን ለማሞቅ 10,000 ዋት ገደማ ይበቃል። ጸጥ ባለው ክፍል 300። ጥያቄው ጉልበቱ አለ ወይ አይደለም። እንዴት ወጥቶ ወደ ሙቀት ይለወጣል ነው።

ራሳችሁ ሞክሩት። ማንኛውንም ቀን ውሰዱና 193ን ከማግኔቶግራም ጋር ደርቡ። ብሩህ ቦታ ሁሉ ከሥሩ ነጭና ጥቁር አለው። ጨለማ ሆነው የሚታዩት የኮሮና ቀዳዳዎች ሥር ግን አንድ ዋልታ ይበዛል፤ መስኩም ተመልሶ ሳይገባ ወደ ሕዋ ተከፍቷል። ማሞቂያው ማግኔት መሆኑ በዚህ አያጠራጥርም።

መንገዱ ላይ ግን ሁለት ሐሳብ አለ። አንዱ ሞገድ ነው። ሃንስ አልቬን በ1942 በማግኔት መስክ ላይ የሚሄድ ሞገድ እንዳለ ተናገረ፤ ከሥር የሚፈላው ጋዝ መስኩን ሲነቀንቀው ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ጉልበቱን እዚያ ይጥላል። ሌላው የዩጂን ፓርከር ነው። በ1988 ጽሑፉ መስኩ በየቦታው ስለሚጠላለፍ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ሪኮኔክሽኖች ይፈጠራሉ አለ። ናኖፍሌር አላቸው። እያንዳንዱ ከትልቅ ፍንዳታ በቢሊዮን እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው።

ይህን ለመፈተን የሚያገለግል ቀላል ቆጠራ አለ። ፍንዳታ መጠኑ በ10 እጥፍ ባነሰ ቁጥር ብዛቱ ከ10 እጥፍ በላይ መጨመር አለበት። ካልሆነ ትናንሾቹ ተደምረው ከትልልቆቹ አይበልጡም። በተለመዱት ፍንዳታዎች ላይ የሚቆጠረው ጭማሪ ግን 6 እጥፍ ገደማ ነው። አይበቃም። ስለዚህ የፓርከር ሐሳብ እንዲሠራ ጥቃቅኖቹ ከታላላቆቹ ሕግ ወጥተው በጣም መብዛት አለባቸው። በፌብሩዋሪ 2020 የመጠቀው ሶላር ኦርቢተር የዚያኑ ዓመት ጸጥ ባለው ፀሐይ ላይ "የሰፈር እሳት" የተባሉ፣ ግን ከ400 እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር የሚደርሱ ብልጭታዎች አሳየ። ሙቀታቸው አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ያልፋል። እነሱ ብቻቸውን ግን ሒሳቡን አይዘጉትም። በእኔ እይታ ሞገድና ሪኮኔክሽን በየቦታው ድርሻ ተካፍለው ነው የሚሠሩት፤ ነጠብጣብ ባለበት ሪኮኔክሽኑ፣ መስኩ በተከፈተበት ሞገዱ ያደላል።

8. ሁለት ነገር አታምታቱ

ፍንዳታው ብርሃን ነው። በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይደርሳል። ከፍንዳታው ጋር አንዳንዴ የሚወረወረው የፕላዝማ ደመና ግን ሌላ ነው፤ ከአንድ ቀን ያነሰ እስከ ብዙ ቀናት ይፈጅበታል። ግንቦት 2 አመሻሽ ላይ መሬትን የመታውና ከኦክቶበር 2003 ወዲህ የመጀመሪያው ከፍተኛ ደረጃ የተባለው የማግኔት ማዕበል የመጣው ከዚያ በፊት ተወርውረው ከተደራረቡ ደመናዎች ነው። ዜና ላይ "ኤክስ ፍንዳታ ነገ ይደርሳል" ሲባል ብትሰሙ ፍንዳታው ደርሷል፤ የሚጠበቀው ደመናው ነው።

9. ኮሮናን በዓይን ለማየት

ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የታየው ግርዶሽ ቀለበታማ ነበር። የቀለበቷ ብርሃን እንኳ ኮሮናን ስለሚውጠው ኮሮናው አልታየም። ሙሉ ግርዶሽ ያስፈልጋል። ኦገስት 2 ቀን 2027፣ ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ ሙሉ ግርዶሽ በግብፅ ሉክሶር፣ በጂዳና በመካ ያልፋል። ኢትዮጵያ ላይ በከፊል ብቻ ነው የሚታየው። ጂዳ ያላችሁ ወገኖች 6 ደቂቃ ያህል ሙሉ ጨለማ ታገኛላችሁ። የተረጋገጠ የግርዶሽ መነጽር ቀድማችሁ ያዙ። መነጽሩ የሚወልቀው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዋ የብርሃን ጠብታ ስትመለስ ወዲያው አጥልቁት። በማለዳው የዕለቱን ማግኔቶግራም ከፍታችሁ ነጠብጣቦቹ በየትኛው ጠርዝ በኩል እንዳሉ በወረቀት ላይ ሳሉ። ከሰዓት የምታዩት የኮሮና ጨረር ከየት በኩል እንደሚረዝም ከሥዕላችሁ ጋር አስተያዩት።